ሲመሽ የሚሸት አበባ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ በሟቿ በረንዳ ላይ የአባቴን አበቦች አየሁ። ነጫጭ ኦርኪዶች ናቸው፤ ጅራታቸው ረዘም ይላል፤ በየእንጨቱ ላይ ታስረው ተንጠልጥለዋል። ልጇ ዓይኔን ተከትላ፣ «እማዬ በእጇ ያሳደገቻቸው ናቸው» አለችኝ። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም። አንቱታውንም ለለቅሶው ትቼ፣ ሟቿን እትዬ ዘነበችን እሷ እላታለሁ።

አባቴ ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር ዛፍ ተቆርጦ ካየ፣ ቅርንጫፉ ላይ የበቀለውን ኦርኪድ ለቅሞ ያመጣል። ከሱቁ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ እንጨት ላይ ያስረዋል። የደሴ ብርድ እንዳይገድላቸው ከጓሮ የላስቲክ ዳስ ሠርቶላቸው ነበር። አበባው ቀን ቀን አይሸትም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ሽታው የሚነሳው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ የመጀመሪያው ሲፈነዳ ጎረቤት ይጠራል። ዳሱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ የዝንጅብል ሻይ እየጠጣን ሽታውን እንጠብቃለን። ሽታው ሲመጣ ማንም አይናገርም። የአባቴ ወግ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ወንድሜ ሰይድ ይፈለግ ጀመር። ጓደኞቹ ተወስደው አልተመለሱም። አባቴ ከአበቦቹ መደርደሪያ ጀርባ፣ በጆንያ ጋርዶ ደበቀው። የዳሱ እርጥበት ደረቱን ያዘውና ሳል ጀመረው። በዚህ መሀል አበባው ፈነዳ። እኛም ማንንም አልጠራንም።

እትዬ ዘነበች የአጥር ጎረቤታችን ነበረች፤ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ውስጥም ሹም ነገር ናት። አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ፋጤ፣ ዘንድሮ ኮራችሁብን እንዴ? ሽታው እኮ አጥር ዘሎ መጣ!»

«ወላሂ ምን ኩራት አለብን፣ እትዬ?» አለች እናቴ። «ዛሬ ማታ ይምጡ እንጂ።» ሌላ ምን ትበል?

አመሻሹ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ጀርባዋ መደርደሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ ለሁሉም ሻይ አደልኩ። ሽታው መጣ። እንደ ወጉ ሁሉም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰይድ ሳለ፤ የታፈነች፣ ደረቅ ሳል። አባቴም ተከትሎ ሳለ፤ ግን ዘግይቶ ነበር።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ዘንድሮስ አበባችሁን ጉንፋን ይዞታል» አለች። ከዚያ ትልቁን ኦርኪድ በጣቷ አሳየች። «ጋሽ አሊ፣ ይቺን ብወስዳት ቅር ይልዎታል?»

አባቴ ሊያወርድላት ተነሳ። ቋጠሮው አልፈታ ሲለው የፈታሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ መምጣት አበዛች። በመጣች ቁጥር አንዷን ታሳያለች፤ እኛም እንሰጣለን። ለቀበሌው አልተናገረችም፤ ይህን አልክድም። ግን መደርደሪያው ሲሳሳ ከኋላው ያለው ጆንያ መታየት ጀመረ። የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይናችን ወደዚያ ይሄዳል። ጥቂት አበቦች ሲቀሩ አባቴ በአንድ የገበያ ቀን ሰይድን እህል በጫነ መኪና ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ አወረደው። ተረፈ። የቀሩትንም እትዬ ዘነበች መጥታ ወሰደች። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድም አበባ አላሰረም። እሷም በስተርጅና ኮምቦልቻ ስትወርድ ሁሉንም ይዛ ወረደች።

ሰይድ ዛሬ ፀጉሩ ነጭ ነው። ለቅሶው ላይ ከልቡ አለቀሰላት። «አንድ ቃል ብትተነፍስ አልቆልኝ ነበር፤ እሷ ናት ያተረፈችኝ» አለኝ። «ዝምታዋን ሸጠችልን እንጂ» አልኩት። በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም።

ሲመሻሽ ልጇ ቀረብ ብላ፣ «እትዬ፣ አንዷን ልስጥዎት?» አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ያን ጊዜ ሽታው ተነሳ። ለቀስተኛው ሁሉ ወሬውን አቁሞ አየሩን ሳበ። ሰይድን «አየህ የማን አበባ እንደሆነ» ልለው ዞርኩ።

ሳሉን እንደሚያፍን ሰው መዳፉን አፉ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር።