የስዊድኑ ባቡርና የሽማግሌው በሬ

አሜሪካን የሚያህል አገር መንገደኛ ባቡሮቹን የሚጎትት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ከስዊድንና ከፈረንሳይ አስመጥቶ ለምን ሞከረ? ጥያቄው ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ያን ቀን ከሮቤ ወደ ጎባ የምሄደው ግን አጎቴ እንድተወው የሚፈልገውን የባቡር ምህንድስና ትምህርቴን መተዌን ልነግረው ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ ምን እንደማነብ ጠየቁኝ። ስለ ሙከራው ነገርኳቸው።

ሹፌሩ ሰምቶ፣ «ባሌ ላይ ባቡር? ሲደርስ ቀስቅሽን!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን ያስቃል?» አሉ ሽማግሌው። «እኔስ በሬ በገዛ ማሳዬ ሳልጠምደው መች ገዝቼ አውቃለሁ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የትኛው ተመረጠ?»

«ትንሹ፣ የስዊድኑ።»

«ኤዬ፣ እንዲያ ነው! በሬም በቁመት አይታወቅም።» የዓመታት ጥያቄዬን በአንድ በሬ መለሱልኝ፤ ቀና ብዬ ወደ ንባቤ ተመለስኩ።

ጎባ ስደርስ አጎቴ፣ «ተውሽው አይደል?» አለኝ።

«አልተውኩም ጋሼ። መስከረም ላይ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ።»