አጎቴ የተቀበለው ግጥም

የእናቴ ወንድም እናቴን ማሚትን ጠላ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ በማሲንቆ ሰደባት፤ በደሉ ይኸው ነው። ዛሬም የማሲንቆ ድምፅ ከየትም ሲመጣ፣ ያ የአተላ ሽታ አብሮት አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና ምራቄን እተፋለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። መኸር ገብቶ ገብሱ ከተወቃ በኋላ፣ በመካነ ሰላም የገበያ ቀን፣ እናቴ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ወደ እትዬ ዘነቡ ጠላ ቤት ትወስደኝ ነበር። ቤቲቱ ጠባብ ነበረች፤ ከከላላ በበቅሎ የመጣው ሳይቀር እግሩን ማጠፊያ አጥቶ መደቡ ላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ አጎቴ አስረስ መሀል ቆሞ ይዘፍን ነበር። ጠጪው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው፣ አንድ ቃል ሳይጥል በዜማ ይመልሰዋል። እናቴም የአዝማሪ ልጅ ናትና በድምፅ ታግዘው ነበር። «እታለም፣ አንቺ ከሌለሽ ማሲንቆዬ ያነክሳል» ይላት ነበር። ለእኔ ደስታ ማለት ያ ነበር።

በስልሳ አምስት በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ጠብ ጠብ ብሎ ሄደ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። አንድ ጠዋት እናቴ ከእህል ነጋዴው ከደግፌ ደጅ፣ ከመጋዘን ተጠርጎ የወጣውን ገብስ ከአፈር ስትለቅም፣ የሰውዬው ውሻ አጠገቧ የተደፋለትን ይበላ ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም። በዚያው ሰሞን፣ አጎቴ የሚቀመስ ያገኘልን እንደሁ ብለን ጠላ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለ፣ ደግፌ ቁራሽ ዳቦ ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» አለው።

«ማሚት ባለጥልፏ፣ ኩሩዋ እመቤት፣
ከውሻዬ ጋራ በላች እኔ ቤት።»

አጎቴ ቀና ብሎ እናቴን አያት። ከዚያም ተቀበለው፤ ያውም አሳምሮ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ቁራሹን ይዞ ተከትሎን ወጣና «እታለም፣ የሰጡኝን ነው የተቀበልኩ፤ እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርግ?» አላት። እጄን ይዛ ወደ ቤት አመራች።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጆች «የውሻው ባልንጀራ» ይሉኝ ነበር። እናቴ ከቤት መውጣት ተወች። የእርዳታ ስንዴ ሲታደል እንኳ «ሰው መሀል አልቆምም» ብላ ቀረች፤ እኔ ብሄድ፣ ልጅ ነህ ብለው መለሱኝ። ታናሽ እህቴን ብርቄን የቀበርናት ያን ጊዜ ነው።

አብዮቱ መጣ። የደግፌ መጋዘን ተወረሰ። አሁን ደግሞ «ተቀበል!» ባዩ ካድሬው ሆነና፣ አጎቴ ደግፌን እየሰደበ አብዮቱን ያወድስ ነበር፤ ያው አፍ፣ ያው ዜማ! እናቴ ይህን በሰማች በበጋው አንድ የገበያ ቀን፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ጠላ ቤት ገባች።

«ተቀበል!» አለችው።

«እታለም፣ ተይ በማርያም!»

«የሰጡኝን ነው የምቀበል ብለህ የለ? እንግዲያ የኔንም ተቀበላ!

እህቱን ለቁራሽ የሸጠ ማሲንቆ፣
ሬሳዬን አያልቅስ ከሰው ተደባልቆ።»

«ተቀበል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» አለ ከመደቡ አንዱ፤ በዚያን ቀን ስቆ የነበረ ሰው ነው። አጎቴ ማሲንቆውን አነሳ። ተቀበለው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ቢሆንም፣ ይህን የሚጽፍልኝ ሰው ሳልለምን ራሴ ጻፍኩት። ዛሬ ባህል ቤት ሲወስዱኝ፣ ጠጪው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ሰው ያጨበጭባል። ያኔ የሳቁት ርቧቸው ነበር፤ የዛሬዎቹ ጠግበው ነው። የተሰደበው ማን እንደሆነ ግን ያኔም ዛሬም የሚጠይቅ አላየሁም።

እናቴ የተቀበረች ቀን አጎቴ ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ ከመቃብሩ በታች ካለው ወንዝ ማዶ ቆሞ ዋለ፤ በአፉ የተቀበለውን አላፈረሰም። ማንም ና አላለው፣ እኔም አላልኩት። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ የተቀበረችው ሰኔ 21 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር።