የእናታችን ግራ ክንድ

ታላቅ እህታችንን «እታለም» ነበር የምንላት። ማሳጅ ቤት ተቀጥራ የሰው ጀርባና ትከሻ ስታሽ የኖረች ሴት ናት። እጇ የተመሰከረለት ነበር፤ ትከሻው ድንጋይ ሆኖ የገባ ደንበኛ ከአልጋው ሲነሣ እንደ ተቀቀለ ድንች ልፍስፍስ ብሎ ነው።

ታዲያ አንድ ክረምት አሠሪዋ ሠራተኞቿን ሰብስባ የጡንቻ ፍተሻ እንዲማሩ አደረገች። አስተማሪው ሆስፒታል የሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ነገሩ ለወሬ ቀላል ነበር። ተፈታሹ ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ፈታሿ ከእጁ አንጓ ከፍ ብላ ቀስ እያለች ወደ ታች ትጫነዋለች፤ እሱ እንዳይወርድበት ይታገላል። ከዚያ ሌላው ክንድ። አንዱ ከሌላው ከሰነፈ፣ ምክንያቱን ሐኪም ይፈልገው ማለት ነው። አለቀ።

ለእታለም ግን አላለቀላትም። እሷ የነካችው ክንድ ሁሉ ይወድቃል።

የመጀመሪያውን ትምህርት ተምራ የመጣች ዕለት፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ «ና እስቲ፣ ቁም» አለችኝ። ክንዴን ዘረጋሁ። ወረደ። ባሏን ጠራችው። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ክንዱ የበር መቃን ያህላል። የሱም ወረደ።

«አንተ ደግሞ ምን ነካህ? የጎማ ብሎን የምትፈታው በዚህ ነው?»

«ብሎኑ እኮ አያሻሸኝም!» አለ እየሣቀ።

እናታችን ከወንበሯ ተነሥታ «እኔስ እንግዳ ነኝ? ፈትሺኝ እንጂ» አለች። ቀኟ ወረደ። ግራዋ ግን ገና ሳይነካ የወረደ መሰለን። እታለም ሣቋን ዋጠች። ያን ሰሞን ከእማዬ ግራ እጅ ብርጭቆ እያመለጠ ሁለቴ ተሰብሯል፤ እማዬ በሳሙናው አሳብባ ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች እታለም።

«ሄጄ ምን ልበል? ልጄ ክንዴን ጣለችው? እንግዲያስ ሾፌሩም ይምጣና ጎን ለጎን እንተኛ!»

እታለም ወጥ ቤት ጠርታኝ «የሁሉም የሚወድቅ ከሆነ የእማዬን በምን ልለየው? በሽታው እሷ ላይ ነው እኔ እጅ ላይ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ትምህርት አንድ ሰውዬ ስትፈትሽ መምህሩ አጠገቧ ቆሞ አያት። «ከመጫንሽ በፊት አውራ ጣትሽ ምን ይሠራል?» አላት። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ጣቷ ሳታዘው የሰውዬውን ክንድ ያሻል። «ፈተና መሆኑን ጡንቻው በምን ይወቅ? አባብለሽ ታስተኚውና ለምን ተኛ ትያለሽ» ብሎ ሣቀ።

ያን ቀን አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ አጥፋ መጣች። የኔ ክንድ ቆመ። የባሏም ቆመ። ተመስገን ብለን ወደ እማዬ ዞርን። የሷ ሁለቱም ክንድ ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ እማዬ፣ ያዢ!»

«ታዲያ ልጄ ስትጫነኝ ልታገላት ነው? ቶሎ ጨርሰሽ እንድታርፊ ብዬ እኮ ነው።»

ይባስ ግራ ገባን። ምናልባት እማዬ የፊተኛውንም ጊዜ እያወቀች ለቃ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። እታለም ቁጭ ብላ ራሷን ያዘች። ከዚያ ብድግ አለችና፣ «እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። የሚጫንሽ አማችሽ ነው እንበል» አለቻት።

«እሱማ አይጥለኝም!» እማዬ ከአማቿ ጋር በቀልድ የማይሸናነፉ ነበሩ።

ቀኝ ክንዷ ምሰሶ ሆነ። ደስ አለን። ግራዋን ዘረጋች። ጥርሷን ነከሰች፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ እየተንቀጠቀጠም ቀስ ብሎ ወረደ። ማንም አልሣቀም። እማዬ ዓይኗን ገልጣ ክንዷን የሰው ዕቃ ይመስል አየችው።

«አልለቀቅኩም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

በማግሥቱ ያለ ክርክር ሐኪም ቤት ሄደች። የአንገቷ አጥንት ወደ ክንዷ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖት ኖሮ፣ መድኃኒትና እንቅስቃሴ ታዘዘላት። እንቅስቃሴውን የምታሠራት እታለም ነበረች። «ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን?» ትለኝ ነበር፤ «ማወቄ ደስ ይላል፤ ያወቅኩት ነገር ግን…»

ክረምቱ ወጥቶ፣ በጋው ሲጋመስ፣ እማዬ አንድ እሑድ ግራ ክንዷን ዘርግታ «በይ ተጫኚ» አለች። እታለም ተጫነች። ክንዱ ፍንክች አላለም። እልል ልንል ስንል፣ እታለም ወደኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «በደንብ ተጭኛለሁ? ወይስ አዝኜላት ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አልለየሁትም።

እማዬ ግን ሰምታለች። ክንዷን ሳታወርድ ወደ በሩ ጮኸች፤

«ሾፌር! ና እስቲ አንተ ተጫነኝ፤ እነዚህ ያዳሉልኛል!»