ሁለት የአጎት ልጆችና አንድ የውሃ ጉድጓድ

በነገሩ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። አንደኛ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዉድበሪ ባለ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ ወጣት። ሁለተኛ፣ እዚያው ዉድበሪ ቤት የገዛ የአጎቱ ልጅ፣ የኮምፒውተር መሐንዲስ። ከዚያ አባቶቻቸው፣ ህንድ ገጠር ውስጥ ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች። ከዚያ ደግሞ መሬት የሌላቸው፣ የእነዚህን ሰዎች ሽንኩርት እየኮተኮቱ የሚኖሩ ቤተሰቦች። መጨረሻ ላይ እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ የገባሁት።

ወጣቱን በመኪናዬ ወደ ሥራ ስለምወስደው መንደሩን በወሬ አውቀዋለሁ። ሕዝቡ በዝቶ መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተቆራረሰ አንሷል። አንዱ እንደ ላም የሚረባውን ለማዳ ጎሽ አልቦ ወተት ይሸጣል፣ ሌላው ከመኸር በኋላ ከተማ ወርዶ ጡብ ይሠራል፣ የቻለ እንደ ሁለቱ የአጎት ልጆች ባሕር ይሻገራል። የሁሉም ኑሮ ግን በአንድ አሮጌ ጉድጓድ ላይ ነበር። እስከ ቀትር ታላቅየው አባት ያጠጣል፣ ከቀትር በኋላ ታናሽየው፤ ሲመሽ መሬት የሌላቸው ለጓሯቸው ይቀዳሉ።

መሐንዲሱ ለአባቱ ብቻ በማሽን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ የውሃ መሳቢያ ሞተር አስተከለ። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ አላስችል አለው፤ ኦቨርታይም ሠርቶ ከዚያ የጠለቀ አስቆፈረ። ያኛው ደግሞ ሌላ፣ የባሰ የጠለቀ።

"ከሥር ያለው ውሃ እኮ አንድ ነው!" ብዬ መኪናው ውስጥ ጮህኩበት።

"አውቃለሁ፣ አንክል" አለኝ፤ ታላቅ ሰው የሚጠሩት እንዲህ ነው። "እኔ ብተወው እሱ ይጨርሰዋል።"

ደሜ ፈላ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ያላወቀን ሰው እታገሳለሁ። እያወቀ የሚያጠፋን ግን አልችለውም።

እሁድ ቀን ይዤው ዉድበሪ የአጎቱ ልጅ ቤት ሄድኩ። በእኛ ደንብ ዘመዳሞች ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል፤ ለህንዶችም ይሠራል ብዬ ነው። "ሞተሮቹን ዝጉና ወደ ተራችሁ ተመለሱ" አልኳቸው።

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። "አንክል፣ የአንተ ወረዳ ሰዎች እዚህ ከተማ ስንት ማኅበር አላችሁ?"

"ሦስት።"

"ለአንድ ወረዳ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ እነሱን አስታርቅና ና!"

ጎረቤቴም አብሮት ሳቀ። ከገባን ጀምሮ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር።

እውነቱን ነው፣ የእኛም ሰው ያው ነው። በእነሱ ቦታ ብሆን አልቆፍርም ነበር ብዬም አልምልም። ቢሆንም የእኔ ወገን ማጥፋቱ የእነሱን ጥፋት አያጸዳውም። ይህን ያሰብኩት ግን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው።

በበጋው አሮጌው ጉድጓድ ደረቀ፤ ቀጥሎ የአዲሶቹ ጉድጓዶች ሞተሮች በውሃ ፈንታ አየር መሳብ ጀመሩ። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ጠወለገ። ኮትኳቾቹ ቤታቸውን ዘግተው ከነልጆቻቸው ወደ ጡብ ማምረቻው ሄዱ። ጎረቤቴ ይህን ሲነግረኝ ስለ አባቱ አለቀሰ፣ ስለ እነሱ ግን እንደ አየር ጠባይ አወራ።

ዋጋው ተደምሮ ይህ ነው፦ ከልጆቹ አሥራ አራት ሺህ ዶላር፣ ከአባቶቹ በቦቴ መኪና የሚመጣ ውሃ ለመግዛት የተሸጡት ጎሾች ሁሉ፣ አንድ ጉድጓድ እንኳ ካልቆፈሩት ሰዎች ደግሞ መንደራቸው።