የጋሼ በየነ ተነቃይ ቀበቶ

ባለፈው ሳምንት ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ታክሲ ያዝኩ። ከፊት ተቀምጬ ቀበቶዬን አሰርኩ። ሹፌሩ ግን ከመሪው አጠገብ አንዲት ትንሽ የቀበቶ ምላስ አንስቶ ማሰሪያው ውስጥ ሰካት። ስትጮህ የነበረችው ማስጠንቀቂያ ዝም አለች። እውነተኛው ቀበቶ ከትከሻው ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ምን አደረግህ ልጄ?»

«ጩኸቷን ማስተኛዬ ናት አባባ» አለና ሳቀ። «ይቺን አትሰካ የሚል ሕግ አይቼ አላውቅም።»

እኔም በሃያ አራት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ማስተማር እንደጀመርኩ አራዳ ውስጥ ጋሼ በየነና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቤት በደባልነት ገባሁ። ማስረዳት እወድ ነበር፤ ተማሪ ሳጣ ጎረቤት አስረዳለሁ። ከቀበሌ የሚመጣውን ማስታወቂያ ሁሉ ለእትዬ አስካለ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ አንብቤም አላበቃም፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ እተነትነዋለሁ።

ጋሼ በየነ ሰማያዊና ነጭ ሴቼንቶ፣ ትንሿን ፊያት ታክሲ፣ ይነዱ ነበር። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ቀበቶ አልነበራትም፤ ያን ጊዜ የሚያስርም፣ ለምን አላሰርክም የሚልም አልነበረም። እሳቸው ግን አንድ ባልንጀራቸው በፊት መስታወት ተወርውሮ ሲሞት ካዩ በኋላ፣ ከተጣለ መኪና ላይ የተፈታ ቀበቶ ገዙ። አንድ መካኒክ ወለሉና ምሰሶው ላይ ቀለበት በየደላቸው። የቀበቶው ጫፎች ጋንቾ ስላላቸው ቀለበቱ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ሲፈለግ በእጅ ይነቀላሉ።

«ጋሼ በየነ፣ ምን ሰርቀው ነው የታሰሩት?» ይሏቸዋል ፒያሳ ተራ የሚጠብቁ ነጂዎች።

«እንዳላመልጣችሁ ነው» ይላሉ እሳቸው።

ሐምሌ ገባ፤ የቦሎ፣ የዓመታዊ ምርመራ ወር። ቦሎ በአራዳ የአንድ ሰው ጣጣ አልነበረም። ደህና ጎማ ያለው ጎማውን፣ ክሪክ ያለው ክሪኩን ያውሳል፤ አንድ ጎማ በሳምንት አራት መኪና ያስመረምር ነበር። ያን ዓመት ደግሞ መርማሪዎቹ ቀበቶ ይጠይቃሉ የሚል ወሬ ተነዛ። የእሱም ታክሲ ሴቼንቶ የሆነችው ጎረቤታችን ሰብስቤ፣ በራሱ መኪና ላይ ቀለበት አስበይዶ ሲያበቃ ከልብሱ ዝናብ እያንጠባጠበ ቤታችን መጣ።

«ጋሼ፣ ቀበቶውን ለሁለት ቀን ብቻ ያውሱኝ። ቦሎ ከከለከሉኝ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

ጋሼ በየነ ፈሩ። «የኔ ተመርምራ አልፋለች። አሁን ነቅዬ ብሰጥህ ሕግ መጣስ አይሆንም? መንግሥትን አታለለ ቢሉኝስ?» በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ፍርሃት አልነበረም።

«ሕጉን ተዉት» አሉ እትዬ አስካለ። «መንገዱ ሳሙና ሆኗል። በዚህ ዝናብ ነው የሚያውሱት?»

ሁሉም ግን ወደኔ ዞሩ። የምርመራውን ወረቀት አስመጣሁ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ወረቀቱ የሚለው፣ ከመኪናው ጋር የመጣ ዕቃ አይጉደል ነው።

«ጋሼ፣ ቀበቶው ከመኪናዋ ጋር አልመጣም» አልኩ እየተንጎራደድኩ። «ስትወለድ ያልነበራት ነገር ቢወጣ ጎደለ አይባልም። ቢነቅሉትም ሕጋዊ ነዎት።»

«ጓድ መምህር፣ አፍህ ቅቤ ይብላ!» አለ ሰብስቤ። ቀበቶውን በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት ፒያሳ ጥግ ቆሜ የበቆሎ እሸት ስግጥ ወሬው ደረሰኝ። ጋሼ በየነ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን ይይዛሉ፤ መኪናዋ ተንሸራታ ግንቡን ትመታለች። መሪው ደረታቸውን ሰበረው። የመስታወቱ ስባሪ ግራ ዓይናቸውን አጠፋው።

ሆስፒታል ስገባ ሰብስቤ ፌስታሉን እንዳቀፈ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። «መኪናዬ አልፋለች» አለኝ። «ቀበቶውን ግን መርማሪዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። አላዩትም እኮ!»

ጋሼ በየነ ድምፄን ሲሰሙ እጄን ፈለጉ። ፖሊስ ይመጣል ብለው ሰግተዋል።

«መምህር፣ ያጠፋነው ነገር አለ?»

«በሕጉ የለም ጋሼ።»

ግራ ዓይናቸው ላይ ያለውን ፋሻ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይቺ ግን ስወለድም ነበረች» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፤ ደረታቸው ከለከላቸው። እትዬ አስካለ አጥሚቱን ኩባያ ላይ ቀዱ።

ጋሼ በየነ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እትዬ አስካለም ምሳዬን እንደ ድሮው ያቀርቡልኝ ነበር። የቀበሌ ወረቀት ሲመጣ ግን ይዘው ወደ ጎረቤት ይወጣሉ፤ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እያየሁ፣ ለሰብስቤ ልጅ ያስነብባሉ።

ያነበብኩት ትክክል ነበር። ዛሬም ያንን ወረቀት ብትሰጡኝ እንደዚያው ነው የማነበው። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ጋሼ በየነ ስለ ሕጉ ጠየቁኝ፣ ስለ ሕጉ መለስኩላቸው። እትዬ አስካለ ግን ስለ ዝናቡ ነበር የጠየቁት፤ ለሳቸው የመለሰ አልነበረም።

ለሹፌሩም ማብራሪያዬ ተሰናድቶ ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዋጥኩት።

«ወይ እሰር፣ ወይ አውርደኝ» አልኩት።

ገልመጥ አደረገኝ። «አባባ፣ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?»

«አስተማሪ።»

ምላሷን ነቅሎ ቀበቶውን ሳበ፤ ቀጭ አለ። ማካፋት ጀምሮ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስንደርስ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያ በኩል የነበረው ግንብ ጠፋ።