ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ፈታኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት የካቲት ውስጥ፣ አምቦ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ በዚያ ሥልጠና ላይ የተማርኩትንም ጭምር። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ያሳፍረኛል።

ስሜ ሌንሳ ነው። ሸነን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ስሠራ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። በአካባቢው ይህን ሥራ የምሠራው እኔ ብቻ ስለሆንኩ በገበያ ቀን በራፌ ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ፈጣን ነኝ። ፈጣን መሆኔንም እንደ ትልቅ ሙያ እቆጥረው ነበር። በሽተኛው ወንበሩ ላይ ገና ሳይመቻች "እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?" ብዬ፣ መልሱን በግማሽ ጆሮ ሰምቼ፣ ካርዱ ላይ ሞነጫጭሬ "ቀጣይ!" እላለሁ። ባልደረቦቼ "ሲስተር ቀጣይ" የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሙገሳ ይመስለኛል።

እንግዲህ የእኛ የሙያ ፈቃድ በየጊዜው ይታደሳል። ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ወስዶ ነጥብ ማሟላት ግድ ነው። ሁላችንም "ሲፒዲ" ነው የምንለው። እውነቱን ለመናገር እኔ ሲፒዲ የምሄደው ለመማር ሳይሆን ለነጥቡ ነበር። የት እንደምቀመጥ አውቃለሁ፦ ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ፣ እንቅልፍ ቢመጣ ራስ የሚደገፍበት ቦታ። ለሻይ ዕረፍት አንደኛ፣ ለቡድን ሥራ መጨረሻ ነኝ። በመዝጊያው ቀን የምስክር ወረቀቴን ይዤ ፎቶ እነሳና ወደ ሸነን መመለስ ነው።

የዚያን ጊዜው ሥልጠና ግን ጭንቅ ነበረበት። ፈቃዴ ሊያበቃ አንድ ወር ቀርቶታል፤ የጎደለኝን ነጥብ የሚሞላልኝም እሱ ብቻ ነበር። ካላሟላሁ ሥራ ማቆሜ ነው። አሰልጣኛችን አንድ ረጋ ያለ ወጣት ዶክተር ነው። ታዲያ ገና በመጀመሪያው ቀን ምን ቢለን ጥሩ ነው?

"በዚህ ሥልጠና የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለተገኘ ሳይሆን ፈተናውን ላለፈ ነው።"

ከባኮ የመጣው በቀለ፣ የኮሌጅ ጓደኛዬ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ሌንሳ፣ ዘንድሮስ ትራስሽን ቀሙሽ" አለኝ።

ፈተናው በአምስተኛው ቀን ነበር። ዶክተሩ አስቀድሞ በደንብ አስረዳን። በየክፍሉ በሽተኛ መስሎ የሚተውን ሰው ይቀመጣል። ተዋናይ መሆኑን ፈጽሞ አይናገርም፤ እንዲያውም ወሬ ሊያስቀይስ ይችላል። ፈታኙ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ያያል።

"አትቸኩሉ" አለን። "ዝም ሲል ዝም በሉ። ሞትን ተመኝቶ እንደሆነ ሳትፈሩ ጠይቁ። አስጊ ነገር ካያችሁ ብቻውን አትተዉት፤ የሚደገፍበት ሰው አገናኙት። ሲስተር ሌንሳ፣ ያንቺ ክፍል በስተግራ ሦስተኛው በር ነው።"

ተራዬ ሲደርስ ከፍርሃት የተነሳ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ስመለስ በጓሮው በር ወደ ኮሪደሩ ገባሁና በስተግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬ ከፈትኩ። ቆጠራዬ ልክ ነበር። ዶክተሩ የቆጠረው ግን ከዋናው በር በኩል እንደሆነ በዚያ ጭንቀት ማን አስቦት?

ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረዋል። ፊታቸው የቁልፍ ክምር አለ። እያንዳንዱን ቁልፍ በክር እያሰሩ፣ የየትኛው በር እንደሆነ በቁራጭ ካርቶን ላይ ይጽፉበታል። ከኋላቸው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ፈታኙ እዚያ ነው ማለት ነው። ለመጋረጃው ፈገግ አልኩለት።

"አካም ጅርቱ ኦቦ?" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው ቁጭ እያልኩ። "ሌንሳ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ።"

"ጋሪዳ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ለሜሳ እባላለሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ምን ጎደለ? ወረቀት ነው ማርከር?"

አሃ! ማስቀየሱ ከወዲሁ ተጀመረ አልኩ በልቤ።

"ወረቀቱ ይቆየን፣ ኦቦ ለሜሳ። የመጣሁት እርስዎን ለመስማት ነው። ጊዜ አለኝ።"

"ጊዜ አለኝ" ብዬ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለአንድም በሽተኛ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀንም የተናገርኩት መጋረጃው በደንብ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።

ሰውየው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡና ዝም አሉ። እኔም ዝም። ዝም ማለት ለካ እንዲህ ይከብዳል! ምላሴን በጥርሴ ይዤ ነው የቆየሁት። ሸነን ቢሆን እስከዚያ ሦስት ሰው ሸኝቻለሁ።

"እንዲህ ያለኝ ሰው የለም" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። "ባለቤቴ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ 'በርታ' ብሎኝ ሄደ። በረታሁ። አሁን ግን መበርታቱ ራሱ ደከመኝ።"

ማታ ማታ ለራት ሁለት ሰሃን እያወጡ አንዱን መልሰው እንደሚያስቀምጡ ነገሩኝ። ዕድሜ ልካቸውን በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ኖረው አሁን ከንፈራቸውን ብቻ እንደሚያንቀሳቅሱ ነገሩኝ። እኔ ታዲያ በልቤ "ምን ዓይነት ተዋናይ ነው ያመጡብን!" እያልኩ እደነቃለሁ። አንጀቴን በሉት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንባዬን ፈታኙ እንዲያይልኝ ፊቴን ወደ መጋረጃው ዞር አደረግኩ። አፈር በበላሁ!

ከዚያ ዓይኔ ቁልፎቹ ላይ ዐረፈ።

"ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለምንድን ነው?"

"ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው።"

"ጡረታ ሊወጡ ነው?"

"ኧረ ገና አምስት ዓመት ይቀረኛል።"

የዶክተሩ ቃል ትዝ አለኝ። "ኦቦ ለሜሳ፣ መሞት ተመኝተው ያውቃሉ?" ስል ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ ሸነን ላይ የምጠይቀው ቅጹ ስለሚያዘኝ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይናቸውን እያየሁ ጠየቅኩ።

"ማታ ስተኛ ጠዋት ባልነቃ እላለሁ" አሉ። "ሰሞኑን ደግሞ ከዚያም የባሰ ሐሳብ ይመጣብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።"

ልጃቸው ጊንጪ አስተማሪ ናት። አሁኑኑ እንደውልላት አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ከስልኩ ውስጥ "አባ?" የሚል የሴት ድምፅ ስሰማ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንኳ አዘጋጅተዋል ብዬ አጀብ አልኩ። "ነይ ልጄ፤ ብቻዬን ከበደኝ" አሏት። እሷ እስክትደርስ አብሬያቸው ልቆይ፣ ከዚያም ሦስታችን ሆስፒታል ልንሄድ ተስማማን።

አንድም ነገር አላስቀረሁም! በኩራት ብድግ አልኩና ፈታኙን አመስግኜ ልወጣ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩት።

አራት መጥረጊያ፣ የሳሙና ካርቶኖችና እግሩ የተሰበረ ወንበር።

"ምን ፈለግሽ ልጄ?" አሉኝ ኦቦ ለሜሳ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። "ዕቃ ከሆነ ንገሪኝ፣ እኔ አወጣልሻለሁ።"

ክው ብዬ ቀረሁ። ሰውየው ለካ ሥልጠናው የሚሰጥበት ግቢ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ያ ሁሉ ሐዘን እውነት ነው፤ ጊንጪ ያለችውም ልጅ እውነት ናት። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና በቀለ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ሌንሳ! አገር ምድሩን ስንፈልግሽ! ፈታኙ ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸው። አሁን ካልመጣሽ ዜሮ ሊሰጥሽ ነው!"

ኦቦ ለሜሳ ወደ እኔ አዩ። "ሥራ አለሽ ለካ። ሂጂ ልጄ፣ እኔ ምንም አልሆንም" አሉና ቁልፎቹን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

አልዋሽም፣ እግሬ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዷል። ፈቃዴ፣ አንድ ወር የቀረው፣ ድቅን አለብኝ። ግን "ምንም አልሆንም" ሲሉ ዓይናቸው የሚያየው ቁልፎቹን ነበር። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

"በቀለ፣ ተራዬን ለቀጣዩ ስጥ" አልኩት። "ዶክተሩንም ጥራልኝ።"

ዶክተሩ ሲመጣ ኦቦ ለሜሳን አስፈቅጄ፣ በሩ ሥር ቆመን እያየኋቸው የሆነውን በሹክሹክታ ነገርኩት። መጋረጃው ላይ ስደርስ ሳቁ አመለጠው። ቁልፎቹ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። "አብረሻቸው ሁኚ። ፈተናውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን" አለኝና ሆስፒታሉ ጋ ደወለ።

ልጃቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ፣ የጠመኔ ብናኝ በእጇ ላይ እንዳለ፣ እያለከለከች ደረሰች። ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን፤ የዚያኑ ቀን ሕክምና ጀመሩ። እኔም ስመለስ ዶክተሩ የመጨረሻዋ ተፈታኝ አድርጎ በትክክለኛው በር አስገባኝ። ተዋናዩ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሆኖ ሲያዝን ውሎ ደክሞት ነበር። እኔም እውነተኛ ሐዘን አይቼ ስለመጣሁ አላሳመነኝም። አለፍኩ፣ ለጥቂት። ወረቀቴ ላይ የተጻፈው አስተያየት አሁንም አለኝ፦ "ትቸኩላለች።"

ለኦቦ ለሜሳ እውነቱን የነገርኳቸው ከወራት በኋላ፣ በአምቦ ሳልፍ ልጠይቃቸው ገብቼ ነው። ፊታቸው ተመልሷል፤ መዘምራን ውስጥም ድምፃቸው መውጣት ጀምሯል። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ወገባቸው ላይ ያሉት ቁልፎች እስኪንሿሹ ድረስ ሳቁ።

"እና ስንት አመጣሁልሽ?" አሉኝ።

ሳቃቸው ሲበርድ ግን ትክ ብለው አዩኝ። "መጋረጃው ባይኖር ኖሮስ ልጄ፣ እንደዚያ ትሰሚኝ ነበር?"

የሚያምር ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "እንጃ" አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያ "እንጃ" ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። ፈታኝ ሳይኖርባቸው በእጄ ያለፉትን የአሥራ አንድ ዓመት በሽተኞቼን ሳስብ አፍራለሁ። ከእነሱ መሐል ቁልፍ ላይ ሲጽፍ የነበረ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ "ቀጣይ" ብዬ ሸኝቼዋለሁና። በተሳሳተ በር መግባቴን ግን ሁልጊዜ አመሰግናለሁ።

ሸነን ያለችው ክፍሌ ውስጥ፣ የካርድ መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቅያለሁ። ችኮላዬ ሲነሳብኝ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሰልፉ ረዝሟል፤ ባልደረቦቼ ያማርራሉ፤ ባወጡልኝ ስም ግን ከተጠራሁ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ጨዋታቸውን መሐል ላይ አቋርጠው ወደ መጋረጃው ጠቆሙ።

"ቶሎ ቶሎ ታዪዋለሽ። ማን አለ እዚያ?"

"ማንም የለም" አልኳቸው። "ጊዜ አለኝ፤ ይቀጥሉ።"