ለዶክተር የተያዘ ሚስማር

ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ አባቴ የመታው አንድ ባዶ ሚስማር ነበር። የመታው እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ሰሞን ነው። ከጎኑ መዋዕለ ሕፃናት ስጨርስ የተነሳሁት ፎቶ ተሰቅሏል። ካምፓላ ውስጥ ለመዋዕለ ሕፃናትም ጋውን ይለበሳል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ንግግር ይደረጋል። ፎቶው ላይ ቆቡ ዓይኔን ስለሸፈነው ከእኔ የሚታየው የፊት ጥርስ የሌለው አፌ ብቻ ነው። አባቴ ያንን ፎቶ የሚያየው እንደ ቀብድ ነው፤ ሚስማሩ ለዋናው ጋውን የተያዘ ቦታ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እዚህ ጋ የዶክተር ፎቶ ይሰቀላል» ይላል። ዶክተር እኔ ነኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሚስሙኝ እናቶች ግማሾቹ እውነተኛ ስሜን የሚያውቁት አይመስለኝም።

አባቴ ናኪቩቦ ገበያ አካባቢ አንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው። የፍሬን ሸራ ብትሰጡት ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ዳስሶ የየትኛው መኪና እንደሆነ ይነግራችኋል። በዚህ ግን አይኮራም። የሚኮራው ድሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለነበር ነው። «ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ» ይላል። ዜና እያየ ይላል፣ ከጎረቤት ጋር ስለ ቆሻሻ ሲጨቃጨቅ ይላል፣ እማዬ ወጡ ላይ ጨው ሲበዛባት እንኳን ይላል። ለምን ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደቀረ ግን ተናግሮ አያውቅም። «ጊዜው ነዋ» ብሎ ያልፈዋል። እኛም ጊዜው ማለት ፖለቲካ ይሆናል ብለን አንነካካውም።

እኔ የመጨረሻውን ፈተና ከጨረስኩ በኋላ ውጤት እስኪመጣ ብዙ ወር ነበረኝ። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ኮረብታው ላይ ካለው ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ዋንዴገያ ሰፈር፣ አንድ ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ድምፅዋ ከማሽኖቹ በላይ የሚሰማ ኡጋንዳዊት ናት። የመጀመሪያ ቀን የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችና «ይሄንን ሰው አስመስዪው» አለችኝ። ርዕሶቹ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፈዋል፣ ማውጫው ከገጾቹ ጋር ተጣልቷል፣ ምዕራፍ አራት ከምዕራፍ ሁለት ቀድሞ ተቀምጧል። እስከ ምሳ ድረስ ሰው አስመሰልኩት። ከሰዓት ጠረዝኩት፤ ጥቁር ልባስ፣ የወርቅ ቀለም ፊደል፣ ጀርባው ላይ ስም። ልጁ ሊወስደው ሲመጣ ጽሑፉን ደረቱ ላይ አቅፎ «እኔ ነኝ የጻፍኩት?» አለ። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። በአሥራ ሦስት ዓመት ትምህርት አንድ ቀን እንኳን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ከማኬሬሬ ኮረብታ የሚወርደውን እውቀት ሁሉ በጓሮ በር ማየት ጀመርኩ። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ የገጽ ቁጥር ማስገባት የማያውቅ አለ። ስለ ጊዜ አጠቃቀም መቶ ገጽ ጽፋ፣ ማስረከቢያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ላብ በላብ ሆና የመጣች አለች። ሁለት ዲግሪ ያለው አንድ ሰውዬ ደግሞ ሲቪውን በየሁለት ሳምንቱ ያሳትም ነበር። በየጊዜው እኔ አንድ ነገር አሳምርለታለሁ፣ እሱ ያመሰግነኛል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን ሲቪውን ከተቀበለኝ በኋላ ትንሽ አመነታና «እዚህስ ክፍት ቦታ ይኖራል?» ብሎ ጠየቀኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ውጤት መጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለኝ። ሕክምና እንዳይመስላችሁ፣ ነጥቤ ለሕክምና የት ደርሶ! የደረሰኝ የዓሣ እርባታ ነው። እኔ ደግሞ ዓሣን የማውቀው በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ብቻ ነው። ለአባቴ ስነግረው ጥቂት አሰበና «ዓሣም እኮ ዶክተር አለው» አለ።

በሚቀጥለው እሁድ ዳቦ ተደፋ፣ ዶሮ ታረደ፣ ቤታችን ሞላ። ዓሣ የሚባለውን ነገር አባቴ ለማንም ትንፍሽ አላለም። አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠው «ዶክተርዬ፣ ይቺ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንዲህ ታደርገኛለች» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቅርፊት ካላወጣ እኔን አይመለከተኝም ልላቸው ነበር፤ እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ። በመጨረሻ አባቴ ሊናገር ተነሳ። «ልጄ...» አለና ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ የተበላበትን ሳህን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

ምክንያቱም በዚያው ሳምንት አሠሪዬ ሌላ ሱቅ ልትከፍት እንደሆነ ነግራኛለች። «ይሄንን አንቺ ያዢው። ግን ሙሉ ቀን፣ ሙሉ ሳምንት። ግማሽ ተማሪ ግማሽ ሠራተኛ አልፈልግም» አለችኝ። ተናግራ ሳትጨርስ እሺ ብያታለሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። በምትሠራበት የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ስታበስል ውላ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር። «ለአባትሽ ራስሽ ንገሪው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስነግረው ሰምቶኝ አያውቅም» አለችኝ። እኔም ነገ ዛሬ እያልኩ ምዝገባው ደረሰ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በምዝገባው ቀን አባቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚወጣውን ሱፉን ለብሶ «እንሂድ ዶክተር» አለ። ታክሲ ውስጥ የምስክር ወረቀቶቼን ጉልበቱ ላይ አቅፎ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ለማያውቀው ሰው ልጁን ሊያስመዘግብ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ሰውየው ከልቡ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ዋንዴገያ ስንደርስ ወራጅ አለ ብዬ ጮህኩ፤ ወረድን። አባቴ ወደ ኮረብታው አቀና። እኔ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ።

«አባዬ፣ እኔ እዚህ ነው የምቀረው። ቋሚ ሥራ ሰጥተውኛል። እሺ ብያለሁ።»

መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ከበላዬ የተሰቀለውን ማስታወቂያ አነበበ።

«ፎቶ ኮፒ?» አለ። «ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆመሽ የሰው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ልታደርጊ?»

«እጠርዛለሁም።»

«እኔ እኮ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ! ምን እንደምትጥዪ አታውቂም! ምን እንደሚቆጭ አታውቂም!»

በራችን ላይ ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል የሚጠብሰው ሰውዬ ቻፓቲውን መገልበጥ ትቶ ያየናል። ሰልፍ ላይ ያሉት ተማሪዎች አማርኛ ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል። እፍረትና እልህ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ይሄን ያህል ከቆጨህ፣ አንተ ራስህ ገብተህ ተማራ!» አልኩት።

ምነው አፌን በቆረጠው። ወረቀቶቼን ቀስ አድርጎ እጄ ላይ አስቀመጠና በዚያ ሱፉ ብቻውን ሽቅብ ወደ ኮረብታው ወጣ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። ገብቼ ማሽኑን አበራሁ፤ ያን ቀን የጠረዝኩት ሁሉ ጠማማ ሆነ።

አባቴ ሲያኮርፍ አይጮህም፣ ያከብራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ሆንኩ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እማዬን «እስቲ ለእመቤቲቱ ንገሪያቸው፣ ጠዋት ሲወጡ በሩን ይዝጉት» ይላታል። ለሳምንታት እንደዚህ ኖርን። እማዬ መልእክት ማመላለስ ሲሰለቻት ጃንጥላዋን አምጥታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። «ባዶውን ከሚውል» አለች። አባቴ አላወረደውም። እኔ ሥራዬን በየቀኑ ይበልጥ ወደድኩት፤ ያንን ጃንጥላ ባየሁ ቁጥር ግን አባቴን በገዛ እጄ ያጣሁት እየመሰለኝ ሆዴ ይባባል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቀና ስል አባቴ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ስድስተኛ ነው። እሱ አልቀደመም፣ እኔም አልጠራሁትም። ተራው ሲደርስ ከፌስታል ወረቀት አውጥቶ ፊቴ አኖረ።

«ይሄን ይተይቡልኝ።»

«ለመቼ ይፈልጉታል?» አልኩት፤ ደንበኛ ነዋ።

«ለዛሬ።»

አንዱ ወረቀት ማመልከቻ ቅጽ ነው። ዩኒቨርሲቲው በዕድሜ ለበሰሉ ሰዎች የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ያለፈ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይማራል። ያን ቀን በሱፉ ሽቅብ ወጥቶ ያመጣው ይህንን ነው። ሌላው በእጁ የጻፈው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር፤ ለምን መማር እንደፈለገ እንዲያስረዳ ተጠይቋል። መተየብ ጀመርኩ።

ሁለተኛ ዓመት እያለ አባቱ ሞቱ። ከሱ በታች አራት ልጆች ነበሩ። ማንም አላሰረውም፣ ማንም አላባረረውም። አንድ ሰኞ ጠዋት ከክፍል ወጥቶ ጋራዥ ተቀጠረ። ስደት የመጣው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታናናሾቹ ራሳቸውን ሲችሉ ዩኒቨርሲቲው ተመለስ ብሎት ነበር። «ሥራውን ስለወደድኩት አልተመለስኩም» ይላል ደብዳቤው። «ይህንን ለልጄ ለመናገር አፍሬ ኖሬያለሁ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ጋራዥ ተሸወድን! ቀጥሎ እንባዬ መጣ፤ አሠሪዬ ከኋላዬ «ኪቦርዱ ላይ አታልቅሺ፣ አዲስ ነው» አለች። አባቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአገልግሎት ዝርዝር እንደ ጸሎት መጽሐፍ አተኩሮ ያነባል።

ቅጹ መጨረሻ ላይ ተጠሪ የሚል ቦታ አለ። የእኔ ስም ተጽፎበታል፤ ዶክተር የለበትም፣ ሙሉ ስሜ ነው። ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው።

«የተጠሪ ሥራ የሚለውን አልሞሉትም» አልኩት።

«ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላወቅኩም።»

«የማተሚያ ቤት ኃላፊ።»

«እንደዚያ ይጻፉት።»

ጻፍኩት። አትሜ፣ አስተካክዬ፣ ሁለቱንም ወረቀት አጠጋጋሁ። እጄ ሌላ የሚሠራው ነገር አጣ።

«ልጠርዘው?» አልኩት።

«ሁለት ወረቀት ይጠረዛል እንዴ?» አለ። «አንቺ ደግሞ!»

ፈተናውን አለፈ፤ በስንት እንዳለፈ ግን እስከ ዛሬ አላሳየንም። ዓሣ አይደለም፣ ታሪክ ነው የሚማረው። እናቶቹ አሁን ዶክተር የሚሉት እሱን ነው፣ ጉልበታቸውንም ለሱ ነው የሚያሳዩት። እሱ ደግሞ አይከለክላቸውም፣ ሎሚና ማር ያዛል። ጃንጥላው እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው። አባቴ ፎቶው ሲመጣ ይወርዳል ይላል፤ እማዬ እናያለን ትላለች።

እሱ የተመዘገበ ቀን አሠሪዬን ሁለት ሰዓት አስፈቅጄ ሸኘሁት። ያንኑ ሱፍ ለብሷል፤ ታክሲ ውስጥ ወረቀቶቹን ጉልበቴ ላይ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ኮረብታው ላይ ስንደርስ የበሩ ዘበኛ እኔን አየና «አዲስ ተማሪ? በዚህ በኩል ግቢ» አለኝ። አባቴን ደግሞ «ወላጆች እዚያ ጥላው ሥር ይጠብቁ» አለው።

አባቴ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ተማሪው እኔ ነኝ» አለው። «እሷን አታቁማት። የማተሚያ ቤት ኃላፊ ናት፣ ሥራ ይረፍድባታል።»

ወረቀቶቹን ሰጠሁትና ቁልቁል ወደ ሥራዬ ሮጥኩ።